ድሩ ከመኪና፥ ማጉ ከእንዝርት

፩

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ሐይቅ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። በአጠገቧም ስሟን የሰጣት ሰፊ ውሃ ተኝቶ ይታያል፤ ከዚያም ወዲያ የአምባሰል ተራሮች ቆመዋል። በዚህ አገር የሚኖር አንድ ልጅ በገበያ ቀን አያቱን ተከትሎ ወደ ገበያ ወረደ። አያቱ ሳምንቱን ሙሉ የፈተሉትን ልቃቂት በትንሽ ቅርጫት ይዘው ነበር።

ልጁ በገበያው መካከል ሲዘዋወር ሁለት ልብስ ጎን ለጎን ተዘርግቶ አየ። አንደኛው ሸማኔ የሠራው ጋቢ ነው፤ ሁለተኛው ከፋብሪካ የመጣ ብርድ ልብስ ነው። ዋጋቸውን ቢጠይቅ ጋቢው ከብርድ ልብሱ እጅግ የተወደደ ሆኖ አገኘው። በነገሩም ተደንቆ ወደ አያቱ ተመለሰ።

«እማማ፥ ሁለቱም ብርድ ይከለክላሉ፤ ስለ ምን ጋቢው ተወደደ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ልጄ፥» አሉት፥ «በጋቢው ውስጥ የእኔ ብዙ ቀንና የሸማኔው ብዙ ቀን አለበት። ብርድ ልብሱን ግን መኪና ሠርቶታል። መኪና እጁን አያመውም፥ ዐይኑም አይፈዝም።»

«እንግዲያው መኪና ካለ እርስዎ ስለ ምን ይደክማሉ?»

አያቱ መልስ አልሰጡትም። ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ ልቃቂታቸውን የገዛ ሰው አልነበረምና፥ ቅርጫታቸውን እንደ ሞላ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ቢመስልም ትልቅ ጥያቄ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሩቅ አገር የነበሩ ፈታዮችና ሸማኔዎች ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀዋል። እንግዲህ መኪና ለሰው ልጅ ምን እንዳመጣለት፥ ምንስ እንደ ወሰደበት በማስተዋል እናንብብ።

፪

አስቀድመን ልብስ በእጅ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ጥጥ ከቆላ አገር ይመጣል። ፈታይቱ ጥጡን በድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት እየዳመጠች ፍሬውን ትለያለች። ቀጥላም በደጋን ትነድፈዋለች፤ የተነደፈውንም ጠቅልላ ባዘቶ ታደርገዋለች። ከዚህ በኋላ እንዝርቷን እያሾረች ባዘቶውን ወደ ቀጭን ፈትል ትለውጠዋለች። ፈትሉም ሲጠቀለል ልቃቂት ይሆናል።

ሸማኔው ፈትሉን ተቀብሎ በሁለት ይከፍለዋል። በቁመት የሚዘረጋው ድር ይባላል፤ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁም መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። አንድ ጊዜ በወረወረ ቍጥር አንድ ማግ ይገባል። ጋቢው እስኪያልቅ ድረስ ስንት ጊዜ መወርወር እንደሚያስፈልግ እስቲ አስቡ።

በዚህ ሥራ ሁሉ መካከል እጅግ የሚዘገየው መፍተል ነው። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች ሊፈትሉለት ይገባል። ይህም በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበረ።

፫

በዚህና በሚከተለው ክፍል የተጻፉት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

የእንግሊዝ አገር ሰዎችም ቀድሞ በየቤታቸው ይፈትሉና ይሸምኑ ነበር። በ1733 ዓ.ም. ጆን ኬይ የሚባል ሰው መወርወሪያው በገመድ እየተሳበ የሚሮጥበትን ብልሃት አወጣ። ሸማኔው ፈጠነ፤ ፈታዮቹ ግን ሊደርሱበት አልቻሉም። ስለዚህ ፈትል ጠፋ። የቸገረው ሰው ብልሃት ይፈልጋልና፥ በ1760ዎቹ ዓመታት ጄምስ ሃርግሪቭስ የተባለ ሸማኔ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ጊዜ 8 እንዝርት የሚያሾርበትን መኪና ሠራ። በ1769 ዓ.ም. ሪቻርድ አርክራይት በውሃ ኃይል የሚዞር መፍተያ አወጣ፤ ከሁለት ዓመትም በኋላ ክሮምፎርድ በሚባል ስፍራ በወንዝ ዳር ፋብሪካ ሠራ።

ነገር ግን ወንዝ በየስፍራው አይገኝም። ከውሃ ኃይል የሚሻለውን ኃይል ያገኙት ከእሳትና ከእንፋሎት ነው። ድስት ሲፈላ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ አይታችኋልን? ክዳኑን የሚያነሣው እንፋሎት ነው። የእንፋሎት መኪና ይህን ኃይል በብረት ውስጥ ዘግቶ መንኰራኵር እንዲያዞር ያደርገዋል። እንዲህ ያለው መኪና ቀድሞም ነበረ፤ ጄምስ ዋት ግን ጥቂት ከሰል በልቶ ብዙ ሥራ እንዲሠራ አደረገው። ዋት ይህን ብልሃቱን በስሙ ያስጻፈው አርክራይት መፍተያውን ባወጣበት በዚያው በ1769 ዓ.ም. ነው። በ1785 ዓ.ም. ደግሞ ኤድመንድ ካርትራይት ያለ ሰው ክንድ የሚሸምን መኪና አወጣ። በ1830 ዓ.ም. በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል በእንፋሎት የሚሄድ የምድር ባቡር ሥራውን ጀመረ። ጥጡ በባቡር ገባ፤ ልብሱ በባቡር ወጣ። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ታላቅ ለውጥ የኢንዱስትሪ አብዮት ብለው ይጠሩታል።

ከዚህ ለውጥ የተገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ልብስ ረከሰ፤ አንድ ልብስ ብቻ የነበረው ድኻ ቅያሪ ለማግኘት ቻለ። ከተሞችም አደጉ። ማንቸስተር በ1801 ዓ.ም. መቶ ሺህ ሰው የማይሞላባት ከተማ ነበረች፤ በ1851 ዓ.ም. ግን ነዋሪዋ ከ300 ሺህ በለጠ።

፬

ልብሱ ረከሰ ብለናል፤ ነገር ግን ገዢው ያልከፈለውን ዋጋ ሌላ ሰው ከፍሎታል። ማን እንደ ከፈለው እንይ።

ፊተኞቹ ከፋዮች የእጅ ሸማኔዎች ናቸው። መኪናው በረከሰ ዋጋ ስለ ሸመነ የእነርሱ የቀን ገቢ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄደ። በ1811 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ብዙ ሠራተኞች ተሰብስበው በሌሊት ወደ ፋብሪካ እየገቡ መኪናውን በመዶሻ ይሰብሩ ጀመር። መንግሥትም በ1812 ዓ.ም. መኪና የሰበረ ሰው በሞት ይቀጣ ብሎ ሕግ አወጣ። መኪናው ተሰብሮ አላለቀም፤ ሸማኔዎቹም እንጀራቸው አልተመለሰላቸውም።

ሁለተኞቹ ከፋዮች ሕፃናት ናቸው። እንደ እናንተ ያሉ ልጆች በፋብሪካ ውስጥ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሠሩ ነበር። ትንንሾቹ በሚዞረው መኪና ሥር እየዳሁ የወደቀውን ጥጥ ይለቅማሉ፤ ሌሎቹም የተበጠሰውን ፈትል ይቀጥላሉ። ብዙዎች ጣታቸው ተቈረጠ፤ ትምህርትም ሳይማሩ አደጉ።

ሦስተኞቹ ከፋዮች በአሜሪካ አገር ጥጥ የሚለቅሙ ባሮች ናቸው። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብዙውን ጥጥ የሚያገኙት ከዚያ ነበረ። ጥጥ በተፈለገ መጠን ባርነቱ ጸና። በአሜሪካ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ዓ.ም. ነው።

ይህ ክፋት የመኪናው ጠባይ ነበርን? አይደለም። መኪና ልብ የለውም፤ ልብ ያለው የሚያዝዘው ሰው ነው። ደጋግ ሰዎች ስለ ሕፃናቱ ጮኹ፤ ሠራተኞቹም ማኅበር አቁመው አንድ ቃል ተናገሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፥ በ1833 ዓ.ም. ሕግ ወጣ። በዚህም ሕግ በጥጥ ፋብሪካ ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይሠራ ተከለከለ። ከዚያ በላይ ያሉትም ልጆች የሥራ ሰዓታቸው ተወሰነ፤ በየቀኑም ጥቂት ሰዓት እንዲማሩ ታዘዘ። ሕጉ መፈጸሙንም የሚመረምሩ 4 ሰዎች ተሾሙ። ለብዙ ፋብሪካ አራት መርማሪ ጥቂት ነው፤ ሆኖም መልካም ጅማሬ ነበረ።

፭

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ፋብሪካ ወደ ኢትዮጵያ ሳይገባ የፋብሪካ ልብስ ቀድሞ ገባ። ነጋዴዎች ከምጽዋ፥ ከታጁራና ከዘይላ ወደብ በግመልና በበቅሎ ጭነው አቡጀዲድ ያመጡ ነበር። ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በብዛት ይመጣ የነበረው ከአሜሪካ ስለ ነበረ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መሪካኒ ይሉት ነበር። በኋላም ከህንድና ከጃፓን ይመጣ ጀመር። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ሲራራ ነጋዴ በብዙ ሳምንት የሚያደርሰውን ዕቃ ባቡሩ በጥቂት ቀን አደረሰው።

የአገራችንስ ሰው በልብሱ ምትክ ምን ሰጠ? ቡና፥ ሰም፥ የከብት ቆዳና ሌጦ ሰጠ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የሚባሉ ሊቅ ይህን ነገር አስተውለው መጽሐፍ ጻፉ፤ መጽሐፉም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ትምህርታቸውም በአጭሩ ይህ ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ያገኘውን ነገር፥ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ጥቂት ደክሞ በሠራው ዕቃ ይለውጣል፤ ስለዚህ በንግዱ የሚጐዳው ያላወቀው ነው። ለምሳሌ አንድ ገበሬ በሬ አርዶ ቆዳውን በርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ያው ቆዳ በሌላ አገር ጫማ ሆኖ ሲመለስ በብዙ ዋጋ ይገዛዋል።

ሌላም በሽታ ነበረብን። በአገራችን ሸማኔው፥ ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪይቱና ቆዳ ፋቂው ይሰደቡ ነበር። የሠሩትን ልብስ የለበሰ፥ ባበጁት ማረሻ ያረሰ ሰው መልሶ ያዋርዳቸው ነበር። አፄ ምኒልክ ይህን ልማድ ስለ ጠሉት፥ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። በእንግሊዝ አገር መፍተያውን ያወጣው ሃርግሪቭስ ሸማኔ እንደ ነበረ አስታውሱ። ሠራተኛውን የሚሰድብ ሕዝብ ብልሃቱ ከማን ይወለድለታል?

፮

ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ከአሥመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የመኪና ጐዳና ተሠራ። ይህ ጐዳና በአምባሰል ውስጥ በውጫሌ፥ ከዚያም በሐይቅ በኩል ያልፋል። ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ ውል የተፈረመበት ስፍራ ነው። ጐዳናው የተሠራው ለጦር ነበረ፤ ወራሪው ሲወጣ ግን ጐዳናው ለአገሩ ሰው ቀረ። በበቅሎ ይጭን የነበረው ነጋዴ ሥራው አነሰ፤ በዚያው መንገድ ላይ ሾፌሩ፥ ጠጋኙና ምግብ ቤት የከፈተችው ሴት ሥራ አገኙ።

በ1970ዎቹም ዓመታት ከደሴ በታች ባለችው በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በዚያችው ከተማ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከማንቸስተር የተነሣው መኪና እነሆ፥ እስከ ጎረቤታችን ደረሰ።

በመጀመሪያ የተናገርንለት ልጅ ታላቅ እኅት ነበረችው። ትምህርቷን ጨርሳ ኮምቦልቻ ሄደችና በልብስ ፋብሪካ ገባች። በአገሯ ሳለች የምትነሣውና የምታርፈው ፀሐይን አይታ ነበር፤ በፋብሪካ ግን ሰዓትና ፈረቃ ያዝዟታል። ከደመወዟ የቤት ኪራይ ትከፍላለች፥ ምግብ ትገዛለች፥ ከተረፈውም ለአያቷ ትልካለች። ቀድሞ ገንዘብ ለማየት መከር ትጠብቅ ነበር፤ አሁን ወር ትጠብቃለች። የራሷ ገንዘብ ስላላት ምክሯ በቤተ ሰቡ ዘንድ ይሰማል፤ ነገር ግን አያቷን የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ደሴና እስከ ኮምቦልቻ ደረሰ። በዚያው ዓመት አሜሪካ የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሰጠችውን ፈቃድ አነሣች። የልጅቱም ሥራ ተቋረጠ፤ ጦሩ ካለፈ በኋላም ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ አያቷ ቤት ተመለሰች። በዚያም ወራት ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ እንዝርት ታሾር ነበር። ልጆች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። መኪና ብረት ነው፤ ያለ ሰላም ግን አይዞርም። የሚሠራውንም ዕቃ የሚገዛው ሩቅ አገር ያለ ሰው ብቻ እንደ ሆነ፥ ያ ሰው ፊቱን ባዞረ ቀን ሠራተኛው ይራባል።

፯

ልጁ ያን ቀን ያልተመለሰለትን ጥያቄ በልቡ ይዞ ቆየ። በሚቀጥለው ገበያ አንድ ሸማኔ ወደ አያቱ መጣና ልቃቂቱን በጣቱ እየዳሰሰ ተመለከተው።

«እመይቴ፥ ፈትልዎ መልካም ነው። ግማሹን እወስዳለሁ» አላቸው።

«ስለ ምን ግማሹን ብቻ? ቀድሞ ሁሉን ትወስድልኝ ነበር» አሉት።

«ቀድሞ ድሩንም ማጉንም ከእጅ ፈትል እሠራ ነበር። አሁን ለድሩ የሚሆነውን የፋብሪካ ክር እገዛለሁ፤ እኩል ነው፥ አይበጠስም፥ ዋጋውም ቀላል ነው። ለማጉ ግን የእርስዎን ፈትል የሚያህል የለም። ጋቢውን የሚያለሰልሰውና የሚያሞቀው እርሱ ነው።»

አያቱ ዋጋውን ተቀበሉ፤ የቀረውንም ግማሽ ወደ ቅርጫታቸው መለሱ። ልጁም እንዲህ አለ፤ «እንግዲህ መኪናው የእማማን ግማሽ ገበያ ወስዷል፤ ግማሹ ግን ገና በእጃቸው ነው።»

ሸማኔውም ሰምቶት፥ «ልክ ነው፥» አለ። «እኔም መኪናን ስጠላው ብኖር ኖሮ ጉድጓዴ ባዶ በሆነ ነበር። እንዝርትንም ንቄ ብተወው ጋቢዬ ከሱቅ ጨርቅ ባልተለየ ነበር።»

ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አያቱ የልጁን ጥያቄ አስታወሱ። «ስለ ምን ይደክማሉ ብለኸኝ ነበር። የምደክመው በእጄ ያለውን የማውቀው እኔ ስለ ሆንኩ ነው። ይህንም ዕውቀት እኅትህ ተቀብላኛለች፤ እርሷ ደግሞ የመኪናውን ታውቃለች። አንተ ሁለቱንም ዕወቅ፤ አንዱ ብቻ ያለው ሰው አንዱ ሲሄድበት ባዶ እጁን ይቀራል» አሉት።

ተማሪ ሆይ፥ አንተም ይህን አስብ። ልብስ በለበስህ ጊዜ የማን እጅ እንዳለበት ጠይቅ፤ ጥጡን የለቀመውን፥ የፈተለውን፥ የሸመነውን፥ የሰፋውን አትርሳ። እጅግ የረከሰ ዕቃ ባየህ ጊዜ የቀረውን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ መርምር። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ ሕግ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ የሥራውንም ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። እንዲህ ያለውን ሕግ ለማግኘት የሌላ አገር ሕፃናት ጣታቸውን ከፍለዋል። ሕጉ ግን የሚጠቅመው አንብቦ የሚያውቀውና የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። አንተ ዛሬ ፊደል የምትቈጥረው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ

1. ድርና ማግ ምንድን ናቸው? ልዩነታቸውን ተናገር።
2. የጆን ኬይ መወርወሪያ ከወጣ በኋላ ስለ ምን ፈትል ጠፋ?
3. ልብስ በረከሰ ጊዜ ዋጋውን የከፈሉት ሦስት ወገኖች እነማን ናቸው?
4. መኪናውን የሰበሩት ሠራተኞች ምን አገኙ? ማኅበር ያቆሙትስ ምን አገኙ?
5. ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ንግድ ያስተማሩትን በራስህ ቃል አስረዳ።
6. በቤትህ ካሉት ልብሶች አንዱን መርምር፤ ከእጅ ነውን ወይስ ከመኪና? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ለጓደኞችህ ተናገር።